አልጠፋ ያለውን የቮይስሜይል ምልክት ከስልክዎ ላይ የማጥፊያ ዝርዝር መመሪያ

ደዋይ ስልክዎ ሳይነሣለት ሲቀር ቮይስሜይል ሳጥንዎ ውስጥ የተወልዎን የድምፅ መልእክት ሰምተው አጥፍተውታል፤ ሳጥኑ ባዶ መሆኑንም በጆሮዎ አረጋግጠዋል፤ ምልክቱ ግን አሁንም ከስክሪኑ አናት ላይ አለ። በዚህ የሚቸገሩ ሰዎች አብዛኞቹ ሥራውን የሚጀምሩት ከስልኩ ነው፤ ስልኩን አጥፍተው ያበራሉ፣ ማሳወቂያውን በጣታቸው ገፍተው ለማስወገድ ይሞክራሉ፣ ሲብስባቸውም የስልኩን መረጃ በሙሉ ይደመስሳሉ። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ስልኩ ውስጥ አይደለም። ስልኩ የመልእክት ሳጥኑን ራሱ ገብቶ አያይም። መልእክት ሲገባ የስልክ ኩባንያው «ምልክቱን አብራ» የሚል፣ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ደግሞ «ምልክቱን አጥፋ» የሚል የማይታይ አጭር ትእዛዝ ይልካል። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ስልኩ ተዘግቶ ሳለ፣ ምድር ለምድር በሚሄድ ባቡር ውስጥ ኔትወርክ ጠፍቶ ሳለ ወይም ሲም ካርዱ ወደ ሌላ ስልክ ሲዛወር ተልኮ ሳይደርስ ከቀረ፣ ምልክቱ ባዶ ሳጥን እያመለከተ ይቀራል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ከኩባንያው በኩል፣ ቀጥሎ ከስልኩ በኩል ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም በዚሁ መሠረት ተደርድረዋል።

መመሪያው የተዘጋጀው በአሜሪካ የቲሞባይል፣ የኤቲ ኤንድ ቲ እና የቬራይዘን መስመር ለሚጠቀሙ አንባቢዎች ነው። አገር ቤት ያልተመለሰ ጥሪ ሲኖር ደግሞ መደወል ወይም በቴሌግራም ድምፅ መላክ የተለመደ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችን ከቮይስሜይል ጋር በቅርብ የተዋወቅነው እዚህ አሜሪካ ክሊኒኩ፣ የልጆች ትምህርት ቤቱና ቀጣሪው ሁሉ መልእክት እየተወ ሲሄድ ነው። የስልክ ምናሌ ስሞችን በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ስልክ ላይ እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ፤ አቀማመጣቸው እንደ ስልኩ ሥሪት በመጠኑ ሊለያይ ይችላል።

ዝግጅት

1. ምልክቱ የምን እንደሆነ ይለዩ

የቮይስሜይል ምልክት ሁለት ትንንሽ ክቦች ከሥራቸው በአንድ አግድም መስመር የተያያዙበት ሥዕል ነው። በአይፎን ላይ ግን የስልክ መደወያው ምልክት ጥግ ላይ የሚታየው ቀይ ቁጥር ያልተመለሱ ጥሪዎችንና ያልተሰሙ መልእክቶችን አንድ ላይ ደምሮ የሚያሳይ ነው። መልእክቶቹን ሁሉ አጥፍተው ቁጥሩ «1» ላይ ከቆመ፣ መጀመሪያ «ሪሰንትስ» የሚለውን ከፍተው ያላዩት ጥሪ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። የዋትስአፕ፣ የቴሌግራምና የጉግል ቮይስ የድምፅ መልእክቶች ከኩባንያው ሳጥን ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ የሚጠፉትም ከየራሳቸው መተግበሪያ ውስጥ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «አዲስ የድምፅ መልእክት አለዎት፤ ለመስማት ይህን ይጫኑ» ብሎ ማያያዣ የሚልክ የጽሑፍ መልእክት ካጋጠመዎ ማያያዣውን አይክፈቱ። በ2021 በአውሮፓ ብዙ ስልኮችን የበከለው ፍሉቦት የተባለው የአንድሮይድ ቫይረስ ከተሠራጨባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የሐሰት የቮይስሜይል መልእክት ነበር። መልእክቱን ከፈለጉ ወደ ሳጥንዎ ራስዎ ደውለው ይስሙ።

2. የትኛው መስመር እንደሆነ ይወቁ

ስልክዎ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአሜሪካውን መስመር በኢሲም (ካርድ በሌለው፣ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም)፣ የኢትዮጵያውን ደግሞ በሲም ካርድ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ምልክቱ ከየትኛው መስመር እንደመጣ ሳያውቁ አይጀምሩ። ማሳወቂያውን ወደ ታች ስበው ሲከፍቱት የመስመሩ ስም ወይም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ካልታየ አንዱን ሲም ለጊዜው ከቅንብሮች ውስጥ ያጥፉትና ምልክቱ አብሮ መጥፋቱን ይመልከቱ። ይህን የዘለለ ሰው በአንዱ መስመር ወደ ሳጥን እየደወለ የሌላውን ምልክት ሲያሳድድ ይውላል።

3. የሳጥኑን የምስጢር ቁጥር ያዘጋጁ

የምስጢር ቁጥሩን የረሱ የቲሞባይል ደንበኞች ከራሳቸው ስልክ #793# ብለው ሲደውሉ ቁጥሩ ወደ ስልካቸው የመጨረሻ አራት አኃዞች ይመለሳል። የኤቲ ኤንድ ቲ እና የቬራይዘን ደንበኞች ከኩባንያው መተግበሪያ ወይም 611 ደውለው ያስቀይሩታል። አዲስ ሲያወጡ የልደት ዓመትንና 1234ን የመሰለ ቁጥር አይምረጡ።

4. የሚፈልጉትን መልእክት አስቀድመው ያስቀምጡ

ከዚህ በኋላ ያሉት ደረጃዎች መልእክት የሚያጠፉ ናቸው፤ አንዳንዱንም መመለስ አይቻልም። የእናት ወይም የአባት ድምፅ፣ የጠበቃ ቀጠሮ፣ የሐኪም ቤት መልእክት ሊኖር ስለሚችል አንድ በአንድ ሳይሰሙ አያጥፉ። በአይፎን መልእክቱን ነክተው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ያለበትን ሳጥን ይጫኑና «ሴቭ ቱ ፋይልስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ወይም በኢሜይል ለራስዎ ይላኩት። በአንድሮይድ የመልእክቶች ዝርዝር የሚታይ ከሆነ መልእክቱን ተጭነው ሲቆዩ የማጋሪያ ወይም የማስቀመጫ ምርጫ ይመጣል። ስልክዎ ዝርዝር የማያሳይና ወደ ሳጥን በመደወል ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩን ከፍተው በሌላ ስልክ ይቅዱት፤ ጥራቱ ባያምርም ቃሉ ይተርፋል።

በመጨረሻም ሌላ የሚደውሉበት ስልክ አጠገብዎ ያድርጉ፤ ኔትወርክ በደንብ የሚገባበት ቦታ ላይ ይቀመጡ፤ ሞባይል ዳታውን ይክፈቱ፤ ዋይፋይ ኮሊንግን (በዋይፋይ በኩል የሚያስደውለውን አገልግሎት) ደግሞ ለጊዜው ይዝጉ።

ደረጃ 1፦ ወደ ሳጥኑ ደውለው ባዶ ያድርጉት

ሀ. መደወያውን ከፍተው 1ን ተጭነው ይቆዩ። በቲሞባይል 123፣ በቬራይዘን *86 ብሎ መደወልም ወደዚያው ያደርሳል።

ለ. ከተጠየቁ የምስጢር ቁጥሩን ያስገቡና # (መሰላል) ይጫኑ።

ሐ. እያንዳንዱን መልእክት እስከ መጨረሻው ያዳምጡና 7ን ይጫኑ። በሦስቱም ኩባንያዎች 7 የሚያጠፋው ነው፤ 9 ደግሞ ያስቀምጣል። በስሕተት 9 የተጫነበት መልእክት ከአዲሶቹ ዝርዝር ቢወጣም ከሳጥኑ አይወጣም።

መ. አዲሶቹ ሲያልቁ አይዝጉ። የተቀመጡትንም እንዲያሰማዎ ያድርጉና በዚያው መንገድ ያጥፏቸው።

ሠ. መልእክት እንደሌለ የሚናገረውን ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ ይጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ዋናው ምናሌ ተመልሰው ጥሪውን ይዝጉ። ማረጋገጫውን ሳይሰሙ ስልኩን የዘጉ እንደሆነ የመጨረሻው መልእክት ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል።

1ን ሲጫኑ ጥሪው ካልሄደ፦ ከሌላ ስልክ ወደ ራስዎ ቁጥር ይደውሉ፤ አያንሱት። የእርስዎ ሰላምታ መሰማት ሲጀምር በቲሞባይልና በኤቲ ኤንድ ቲ * (ኮከብ)፣ በቬራይዘን # ይጫኑና የምስጢር ቁጥሩን ያስገቡ።

ሳጥኑ ገና አልተዘጋጀም ከተባለ፦ አዲስ መስመር ያወጡ ሰዎች ይህ ያጋጥማቸዋል። ድምፁ እንደሚመራዎ የምስጢር ቁጥር ያውጡ፣ ስምዎንና አጭር ሰላምታ ይቅዱ፤ ከዚያ ከ«ለ» ጀምረው ይቀጥሉ። ቁጥሩ ቀድሞ የሌላ ሰው ከነበረና የማያውቁት የምስጢር ቁጥር ከተጠየቁ ግን በመገመት ጊዜ አያጥፉ፤ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

ደረጃ 2፦ በስልኩ ላይ ያለውን ዝርዝር ያጽዱ

መልእክቶቹን በዝርዝር የሚያሳየው ቪዡዋል ቮይስሜይል የሳጥኑን ቅጂ ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ነው። ቅጂውና ሳጥኑ ሳይናበቡ ሲቀሩ በአንዱ የጠፋው በሌላው ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ማጽዳት ያስፈልጋል።

በአይፎን፦ ስልክ መደወያውን ከፍተው «ቮይስሜይል» የሚለውን ይጫኑ። በአይኦኤስ 26 አዲሱን አቀማመጥ የሚጠቀሙ ከሆነ ቮይስሜይሉን ከማጣሪያው ምልክት ውስጥ ያገኙታል። መልእክቶቹን አጥፍተው ሲጨርሱ እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ድረስ ይውረዱ። እዚያ «ዲሊትድ ሜሴጅስ» የሚል ማኅደር አለ፤ ይክፈቱትና «ክሊር ኦል» ይበሉ። እዚህ ማኅደር ያልደረሰ ሰው መልእክቱን ከፊቱ አነሣው እንጂ አላጠፋውም። ካገዷቸው ቁጥሮች የመጡ መልእክቶችም «ብሎክድ ሜሴጅስ» በሚል ለብቻቸው ስለሚቀመጡ እነሱንም ይዩ።

በአንድሮይድ፦ በጉግል መደወያ የመልእክቶቹ ዝርዝር ከመደወያው ውስጥ ይገኛል። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ግን «ቪዡዋል ቮይስሜይል» ራሱን የቻለ መተግበሪያ ነው። በየመልእክቱ ላይ ተጭነው ይቆዩ፣ ሁሉንም ይምረጡ፣ ያጥፉ።

ዝርዝሩ አልከፍት ካለ ወይም እየተሽከረከረ ከቀረ ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ብቻ እንደገና ይክፈቱት።

ደረጃ 3፦ አዲስ መልእክት አስገብተው መልሰው ያጥፉት

ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚሠራው ግን እሱ ነው። ሳጥኑ አስቀድሞ ባዶ ከሆነ ኩባንያው «አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ እንደገና የሚልክበት ምክንያት የለውም፤ ከእሱ በኩል ነገሩ አልቋል። ትእዛዙ እንደገና እንዲላክ ሳጥኑ ውስጥ መልእክት ገብቶ መልሶ መውጣት አለበት።

ሀ. ስልክዎ በርቶ፣ ኔትወርክ እያሳየ፣ ከአጠገብዎ ይቀመጥ። የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አያድርጉት፤ ትእዛዙን የሚቀበለው እሱ ነውና።

ለ. ከሌላው ስልክ ወደ ቁጥርዎ ይደውሉና ሲጠራ አያንሱት። አይዝጉትም፤ ራሱ ወደ ሳጥን ይለፍ።

ሐ. «ቢፕ» የሚለው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ለአሥር ሰከንድ ያህል ጥርት አድርገው ይናገሩ። ዝም ብሎ መዝጋት አይበቃም፤ በጣም አጭር የሆነን ወይም ድምፅ የሌለበትን መልእክት ሳጥኑ ላይቀበለው ይችላል።

መ. ጥሪውን ዘግተው ስልክዎ አዲስ ማሳወቂያ እስኪያሳይ ድረስ ይጠብቁ። ይህ ማሳወቂያ መድረሱ በራሱ የሚነግርዎ ነገር አለ፦ ትእዛዞች ወደ ስልክዎ እየደረሱ ነው ማለት ነው።

ሠ. 1ን ተጭነው ወደ ሳጥኑ ይደውሉ። ከዝርዝሩ ላይ አያጥፉት፤ በዚህ ደረጃ የሚፈለገው ከሳጥኑ በቀጥታ ማጥፋት ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሰምተው 7ን ይጫኑና መልእክት እንደሌለ እስኪነገርዎ ይቆዩ።

ረ. ጥሪውን ይዝጉና ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉት።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጠፋል። ካልጠፋ ከመድገምዎ በፊት ደረጃ 4ን ይሥሩ፤ ከዚያ ይህንኑ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙት።

የሚደውለው ሰው «ሳጥኑ ሞልቷል» የሚል ድምፅ ከሰማ፦ ደረጃ 1 አላለቀም ማለት ነው። የተቀመጡ መልእክቶች ውስጥ የቀረ አለና ተመልሰው ያጽዱ።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ከተቋረጠና ወደ ሳጥን ካልገባ፦ ያልተነሡ ጥሪዎች ወደ ሳጥን የሚተላለፉበት መንገድ ተዘግቷል፤ የሚከፍተውም ኩባንያው ስለሆነ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

ደረጃ 4፦ ስልኩን ከኔትወርክ ጋር እንደገና ያገናኙት

የአውሮፕላን ሁነታን ለአንድ ደቂቃ ያህል ያብሩና ያጥፉ። ለውጥ ከሌለ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት፤ ሲም ካርድ ካለው አውጥተው መልሰው ያስገቡትና ያብሩት። ኢሲም የሚጠቀሙ ከሆነ መስመሩን ከቅንብሮች ውስጥ ያጥፉና ያብሩ እንጂ በምንም ምክንያት «ዲሊት ኢሲም» የሚለውን አይጫኑ፤ መስመሩ ራሱ ከስልኩ ይወጣል።

ሲም ካርድ ላላቸው አንድ ጠቃሚ ፍተሻ አለ። የመልእክት ምልክቱ ሁኔታ ሲም ካርዱ ላይም ሊመዘገብ ስለሚችል ካርዱን ለአፍታ ሌላ ስልክ ውስጥ ያስገቡት። ምልክቱ አብሮ ከሄደ ችግሩ የካርዱ ወይም የኩባንያው ነውና ደረጃ 5ን ዘልለው ወደ 6 ይሂዱ። ካልሄደ ችግሩ ስልክዎ ውስጥ ነው፤ ይቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ የስልኩን መደወያ ያጽዱ

በአንድሮይድ፦

ሀ. «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «አፕስ»፣ ቀጥሎ «ፎን» የሚለውን ይክፈቱ።

ለ. «ፎርስ ስቶፕ» ይበሉ።

ሐ. «ስቶሬጅ» ውስጥ ገብተው መሸጎጫውን፣ ማለትም መተግበሪያው ለጊዜው ያከማቸውን፣ የሚያጸዳውን «ክሊር ካሽ»ን ይጫኑና ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል።

መ. ካልበቃ ብቻ በዚያው ገጽ ላይ «ክሊር ዳታ» ይበሉ። በአንዳንድ ስልኮች «ክሊር ስቶሬጅ» ይባላል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ክሊር ዳታ» መደወያው ላይ ያስተካከሏቸውን ምርጫዎች ወደ መጀመሪያ ሁኔታቸው ይመልሳል። የተመዘገቡ ስሞችና ቁጥሮች የሚቀመጡት በሌላ ቦታ ስለሆነ አይነኩም፤ ነገር ግን በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ኮንታክትስ ስቶሬጅ» የሚባል አለ። እሱን ያጸዳ ሰው ስልኩ ላይ ብቻ የነበሩ ቁጥሮችን ሁሉ ያጣል። የሚያጸዱት የመተግበሪያ ስም «ፎን» መሆኑን ጮክ ብለው አንብበው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይጫኑ።

ከጸዳ በኋላ መደወያው ሲከፈት ፈቃድ ከጠየቀ ይፍቀዱለት፤ ካልፈቀዱለት ጥሪዎችን አያሳይም።

በአይፎን፦ መሸጎጫ ብቻውን የሚጸዳበት መንገድ የለም። የሚቀረው «ሴቲንግስ»፣ «ጄኔራል»፣ «ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን»፣ «ሪሴት»፣ በመጨረሻም «ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ» ነው። ይህ ስልኩ ያስታወሳቸውን የዋይፋይ የይለፍ ቃላትና የቪፒኤን ቅንብሮችን ያጠፋል፤ ስለዚህ የቤትዎን የዋይፋይ ቃል አስቀድመው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ፎቶና መልእክት አይነካም። ከዚሁ በታች ያለው «ኢሬዝ ኦል ኮንተንት ኤንድ ሴቲንግስ» ግን ስልኩን ባዶ የሚያደርግ ስለሆነ በፍጹም አይንኩት።

ደረጃ 6፦ ኩባንያው ሳጥኑን እንዲያድሰው ይጠይቁ

ከስልክዎ 611 ይደውሉ፤ በሦስቱም ኩባንያዎች የደንበኞች አገልግሎት ነው። ችግሩን በረጅሙ ለማስረዳት ከመድከም ይልቅ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይበሏቸው፦ «ፕሊስ ሪሴት ማይ ቮይስሜይል ቦክስ፤ ዘ ሜሴጅ ዌይቲንግ ኢንዲኬተር ኢዝ ስታክ ኦን።» «ሜሴጅ ዌይቲንግ ኢንዲኬተር» የዚህ ምልክት የሙያ ስም ስለሆነ የቴክኒክ ባለሙያ ወዲያው ይረዳዎታል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ።

መልስ ሰጪው ስልኩን አጥፍተው እንዲያበሩ ቢነግርዎ እስከ ደረጃ 5 ያሉትን እንደሠሩ ይንገሩትና የቮይስሜይል አገልግሎቱ ከመስመርዎ ላይ ተነሥቶ እንደገና እንዲጨመር በግልጽ ይጠይቁ። ሳጥኑ ሲታደስ በውስጡ ያለው መልእክትና የቀዱት ሰላምታ ሁሉ ይጠፋል፤ በዝግጅቱ ክፍል አራተኛውን ሥራ ካልሠሩ አሁን ሠርተው ይደውሉ። ከታደሰ በኋላ ሳጥኑን እንደ አዲስ አዘጋጅተው ደረጃ 3ን አንድ ጊዜ ይሥሩ።

ደረጃ 7፦ ምልክቱን መደበቅ

ይህ ምልክቱ ከዓይን እንዲርቅ የሚያደርግ ብቻ ነው፤ እንደ መፍትሔ አድርጌ አላቀርበውም፤ ከኩባንያው መልስ እስኪያገኙ ድረስ ግን ሊጠቅም ይችላል። በአንድሮይድ የ«ፎን» መተግበሪያ «ኖቲፊኬሽንስ» ገጽ ላይ «ቮይስሜይል» የሚለውን ብቻ ያጥፉ። በአይፎን «ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ»፣ «ፎን» ገብተው «ባጅስ»ን ያጥፉ፤ በዚህ ጊዜ ያልተመለሱ ጥሪዎች ቁጥርም አብሮ ይጠፋል። ደብቀው ሳለ በየቀኑ 1ን ተጭነው ሳጥኑን የመስማት ግዴታ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ልጃቸው ትምህርት ቤት የሚውል ወይም የሐኪም ውጤት የሚጠብቁ ሰዎች ይህን ደረጃ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

ቮይስሜይል ጨርሶ ለማይፈልጉ

611 ደውለው አገልግሎቱን ከመስመርዎ ላይ እንዲዘጉልዎ ይጠይቁ። ከመዝጋትዎ በፊት ሳጥኑን ባዶ ያድርጉ፤ መልእክት እንዳለበት የተዘጋ ሳጥን ምልክቱን እንዳበራ ሊተወው ይችላል። ሥራ እየፈለጉ ያሉ ሰዎችም አይዝጉት፤ ቀጣሪ አንድ ጊዜ ደውሎ መልእክት የሚተውበት ካጣ ዳግመኛ ላይደውል ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዙ

የአሜሪካ መስመር ሮሚንግ ላይ ሆኖ ከርሞ ሲመለስ ምልክቱ ተጣብቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከመነሣትዎ በፊት ሳጥኑን ባዶ ያድርጉ። አዲስ አበባ ሆነው ለመስማት ከፈለጉ 1ን መጫን ላይሠራ ስለሚችል ቁጥርዎን ከፊቱ +1 ጨምረው ከሌላ ስልክ ይደውሉና ሰላምታው ሲጀምር በደረጃ 1 እንደተገለጸው * ወይም # ይጫኑ፤ ጥሪው ግን እንደ ዓለም አቀፍ ጥሪ ይታሰባል። ሮሚንግ ላይ ያለ ስልክ ሳያነሡት የቀረ ጥሪ ወደ አሜሪካው ሳጥን ሲመለስ እንደ ውልዎ ሊያስከፍልም ስለሚችል ይህን ከጉዞው በፊት ከኩባንያው ይጠይቁ። ሲመለሱ ስልኩ ኔትወርኩን እስኪያገኝ ይጠብቁ፣ ሳጥኑን ባዶ ያድርጉ፣ ከዚያም ምልክቱ ካልጠፋ በቀጥታ ደረጃ 3ን ይሥሩ።